የሚቀረጠው አዲሱ ዕቃችን ነው

(ዲቪ ለደረሳቸውና በቤተሰብ ቪዛ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች። በዚህ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ቪዛ ከመጣ ዝናብ ምን ያደርጋል!

ለዓመታት በትራንዚተርነት፣ የሰውን ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት የሠራሁ ሰው ነኝ። ቪዛ የወጣለት ዘመድም ሆነ ጎረቤት ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እዚያ ስንደርስ ስንት ቀረጥ ይጠይቁናል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ቀረጥን የምናውቀው በሞጆና በቃሊቲ ጉምሩክ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ዕቃ ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 100,000 ብር ተገመተ እንበል። ኤክሳይስ ታክስ የሌለበት፣ የጉምሩክ ቀረጡም 30 በመቶ የሆነ ዕቃ ይሁን። 130,000 ሆነ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚሰላው በመጀመሪያው 100,000 ላይ አይደለም፣ በ130,000ው ላይ ነው፤ 149,500 ገባ። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ታክስ 10 በመቶ ደግሞ የሚሰላው በዚህ ሁሉ ድምር ላይ ነው፤ 164,450 ደረሰ። ሌላ ሌላው ገና አልተጨመረም። ይህን ያየ ሰው አሜሪካም በታክስ ላይ ታክስ ይቆልልብኛል ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያ ስሌት የነጋዴ ዕቃ ስሌት ነው። ቤቱን ነቅሎ ለሚሰደድ ሰው ሕጉ ሌላ ነው። አሜሪካም፣ ካናዳም፣ እንግሊዝም፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ለመኖር የሚመጣን ሰው ያገለገለ የቤት ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ያስገባሉ። የሚለያዩት በጊዜ ገደቡና በፎርሙ ነው። ጉምሩክ የሚያሳድደው ንግድን ነው፤ ስትበሉበት የኖራችሁት ሳህን ደግሞ ንግድ አይደለም። ስለዚህ መኮንኑ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው፦ የራሳችሁ ነው ወይ? ተጠቅማችሁበታል ወይ? ለራሳችሁ ነው ወይ?

ጉዱ ያለው እኛ ጋ ነው። እኛ ስንሄድ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያገለገለውን ለዘመድ አከፋፍለን፣ መርካቶ ወርደን አዲስ እንገዛለን። «ሰው አገር አሮጌ ይዞ መሄድ ነውር ነው» እንላለን። አዲሱ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ፣ አዲሱ ድስት ከነካርቶኑ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የቀረውን ቦታ ደግሞ የሰው አደራ እንሞላበታለን። በነጻ የሚገባውን እዚህ ትተን፣ የሚያስቀርጠውን ተሸክመን እንሄዳለን ማለት ነው።

አሜሪካ የሚሄደው ስለሚበዛ ከሷ ልጀምር። የአሜሪካ ጉምሩክ ዕቃችሁን በሁለት ከፍሎ ያየዋል። አንደኛው የግል መገልገያ ነው፤ ልብስ፣ ጫማ፣ የምታጠልቁት ጌጥ፣ ካሜራ። ይህ የራሳችሁ እስከሆነ ድረስ ብዙ አያነጋግርም። ሁለተኛው የቤት ዕቃ ነው፤ ሳህንና ብርጭቆ፣ ምንጣፍ፣ አልጋ ልብስ፣ ሥዕል፣ መጻሕፍት፣ ወንበርና ጠረጴዛ። ይህ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ከአሜሪካ ውጭ ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። በተጨማሪም ለሽያጭ ወይም ለሌላ ሰው የታሰበ መሆን የለበትም።

ስለ አንድ ዓመቱ ሰዎች ብዙ ይጨነቃሉ፤ ሕጉ ግን ከሚፈሩት ይልቅ ለቀቅ ያለ ነው። ዓመቱ የግድ ያለማቋረጥ የተያያዘ፣ ወይም ከመሄዳችሁ በፊት ያለው የመጨረሻው ዓመት መሆን አይጠበቅበትም። ዕቃውም የግድ በስማችሁ የተገዛ መሆን የለበትም። የቤተሰቡ አባል ሆናችሁ በኖራችሁበት ቤት ውስጥ ስትገለገሉበት የነበረ ከሆነ ይቆጠርላችኋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ድረስ እናቱ ቤት የሚኖር ልጅ «የራሴ ዕቃ የለኝም» ይላል፤ ግን አለው። ያ ሁሌ ቡና የሚጠጣበት ረከቦትና ሲኒ እናቱ ከሰጡት የቤት ዕቃው ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ትናንት ከሽሮ ሜዳ የተገዛው አዲሱ ረከቦት ግን አንድ ዓመት አላገለገለም።

ከእናንተ ጋር የማይሄድ፣ በካርጎ ወይም በመርከብ የሚላክ ዕቃ ካለ የሚሞላው ፎርም 3299 ይባላል። ከሱ ጋር የዕቃ ዝርዝር ይያያዛል። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በየካርቶኑ ተከፋፍሎ፣ የካርቶኑም ቁጥር ተጽፎበት። «ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ» የሚል ዝርዝር ዝርዝር አይደለም፤ መኮንኑን «ክፈትና እየው» ብሎ እንደመጋበዝ ነው። «ካርቶን 3፦ ያገለገሉ የሸክላ ሳህኖች 12፣ ያገለገለ ጀበና 1፣ የአማርኛ መጻሕፍት 20» ካላችሁ ግን ሰውየው ካርቶኑን ሳይከፍት ያየዋል። ዋጋም ጻፉ። አሮጌ ዕቃ ዋጋ የለውም ብላችሁ ባዶ አትተዉት፤ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን አስቀምጡ።

ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ በተለይ እናቶች ስሙኝ። ቀረጡን እንርሳው፤ ምጣዱ እዚያ አይሠራም። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ አሜሪካና ካናዳ በየግድግዳው የሚገኘው ሶኬት 120 ቮልት ገደማ ነው። «ትራንስፎርመር እገዛለሁ» ትሉኝ ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የአሜሪካ ቤት ተራ ሶኬት ደግሞ 15 አምፔር ነው፤ በ120 ስታባዙት 1,800 ዋት። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ የሌለ ኃይል ግን አይፈጥርም፤ ቆጣሪው ይወርዳል። በርግጥ ለምድጃና ለልብስ ማድረቂያ የሚሠራ ከፍተኛ ቮልት ያለው መስመር በብዙ ቤቶች አለ፤ ግን በተከራያችሁበት አፓርታማ ምድጃውን ነቅላችሁ ምጣድ ልትሰኩ አትችሉም። እዚያ አበሻው በሚበዛበት ከተማ በ120 ቮልት የሚሠራ ምጣድ ይሸጣል። የእናንተን ለእህታችሁ ስጧት። እንግሊዝና አውሮፓ የምትሄዱ ቮልቱ ይመቻችኋል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ አደራው ልምጣ። ይህን የምናገረው ቅር እያለኝ ነው፤ አደራ መቀበል የማይወድ ሰው እኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ነገር ግን ሕጉ «ለሌላ ሰው ያልታሰበ» ብሎ በግልጽ ሲያስቀምጥ የሚናገረው በቀጥታ ስለዚህ ባህላችን ነው። ሻንጣው በስማችሁ ነው፣ ፎርሙ ላይ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ፣ ውስጡ ላለው ሁሉ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ። «የጎረቤቴ ነው» የሚል መልስ ከጥፋት አያድንም፤ እንዲያውም ዕቃው ለራሳችሁ አለመሆኑን ራሳችሁ መሰከራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ መቀበል ግድ ከሆነባችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። የተቋጠረው ሰጪው ፊት ይፈታ። ከዚያ ከራሳችሁ ዕቃ ጋር ሳይቀላቀል ስጦታ ተብሎ፣ ለማን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ተጽፎ ይያዝ። «ፈትቼ ልየው» ስትሉ የሚቀየም ሰው ካለ፣ ከዚያ ሰው አለመቀበል ይሻላል።

አደራውን በፖስታና በኩሪየር እንላከው የምትሉም አላችሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወደ አሜሪካ የሚላክ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ይህ ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ታግዷል። ስለዚህ የድሮውን ሰምታችሁ አትላኩ፤ በርበሬው ሲደርስ ለተቀባዩ የክፍያ ወረቀት አብሮ ሊደርሰው ይችላል።

ካናዳ የምትሄዱ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ በጣም የሚያስቆጨው ነገር ያለው እዚያ ነው። ካናዳ ሁለት ዝርዝር ትጠይቃለች። አንዱ አብሯችሁ የገባው ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ሌላው ወደፊት ተከትሎ የሚመጣው። ፎርሙ ቢኤስኤፍ 186 ይባላል። ሁለተኛው ዝርዝር የሚቀርበው መጀመሪያ ካናዳ በረገጣችሁበት ቀን፣ መጀመሪያ በገባችሁበት አየር ማረፊያ ነው። በዚያ ቀን በእጃችሁ አንድ ሻንጣ ብቻ ቢኖርም፣ የቤት ዕቃችሁ ገና አዲስ አበባ ቤታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንም ዝርዝሩን ስጡ። ብዙ ሰው ግን «ምንም አልያዝኩም» ብሎ ያልፋል። ከስምንት ወር በኋላ ዕቃው ሲላክለት ያ ዝርዝር ስለሌለ፣ ያገለገለ ዕቃው ቀረጥና ታክስ ሊጠየቅበት ይችላል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው የጠፋው። ሌሊት ደርሳችሁ፣ ልጅ እያለቀሰባችሁ፣ ወረፋው ረዝሞባችሁ ቢሆንም ሳታስመዘግቡ አትውጡ። ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ደግሞ ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት።

ካናዳ በዓመት አትቆጥርም፤ የምትለው ዕቃው ከመድረሳችሁ በፊት የራሳችሁ የሆነ፣ በእጃችሁ የነበረና የተጠቀማችሁበት ይሁን ነው። ሦስቱም ይሟላ። የሠርግ ስጦታ ላይ ትንሽ ለቀቅ ይላሉ፤ ከመድረሳችሁ በፊት ወይም በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ከተጋባችሁ ያልተጠቀማችሁበትም ቢሆን ይታለፋል። ወርቅ ያላችሁ እያንዳንዱን ፎቶ አንሱት፣ ምን እንደሆነ ግለጹት፤ «የአንገት ሐብል» ብቻ አይበቃም። በነጻ ያስገባችሁትን ዕቃ በ12 ወር ውስጥ ብትሸጡት ወይም ለሰው ብትሰጡት ቀረጡ ይመለስባችኋል።

እንግሊዝ ትንሽ ቀደም ብላችሁ እንድትነሡ ትፈልጋለች። ቲኦአር 1 የሚባለውን ማመልከቻ ዕቃው ከመላኩ በፊት በኢንተርኔት አስገብታችሁ መለያ ቁጥር ማግኘት አለባችሁ። ከእንግሊዝ ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረ ሰው፣ ቢያንስ ስድስት ወር የራሱ ሆኖ የተጠቀመበትን ዕቃ ነው በነጻ የሚያስገባው። የአውሮፓ ኅብረትም ቁጥሮቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ 12 ወር ኑሮ፣ ስድስት ወር አገልግሎት፣ ከዚያ በኋላ 12 ወር አለመሸጥ።

ምግቡስ? ወደ አሜሪካ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ የተቆላ ቡና ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ስትገቡ ግን ለጉምሩክ አሳውቁ። ጥሬ ቡናም ወደ አብዛኛው አሜሪካ ይገባል፣ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ግን አይገባም፤ እነሱ ራሳቸው ቡና አብቃዮች ስለሆኑ በሽታ ይፈራሉ። ቋንጣ አይገባም። የኛ አገር ከብት የአፍና የእግር በሽታ ስላለበት ሥጋ፣ ቢደርቅም ጨው ቢነካውም፣ አይፈቀድም። ቅቤንና አይብን በተመለከተ ደንቡ እንደ አሠራራቸው ስለሚለያይ አሳውቁና መኮንኑ ይወስን። ጓሯችን ላይ እንተክላለን ብለው የጌሾና የጤና አዳም ዘር በመሀረብ ቋጥረው የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ ለመትከል የሚገባ ዘር የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ጫት እዚህ በየመንደሩ ይሸጣል፣ አሜሪካ ስትደርስ ግን ውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመደበ ዕጽ ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ይህን እንኳ አታስቡት፤ ገና የተሰጣችሁን የመኖሪያ ፈቃድ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ስለ ምግብ የምመክረው ይህን ብቻ ነው፦ አሳውቃችሁ የማይገባ ቢሆን ይወስዱትና ትሄዳላችሁ፤ ደብቃችሁ ቢገኝ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ቅጣት ይከተላል። ገንዘብም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ሲገባ ከ10,000 ዶላር በላይ የያዘ ቤተሰብ ያሳውቃል፤ ስላሳወቀ አይቀረጥም፣ ካላሳወቀ ግን ሊወረስበት ይችላል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለመግቢያው ነው። ከቦሌ ስለመውጣትም አንድ ነገር አለ። አያቶቻችን ያወረሱን የብራና ዳዊት፣ የድሮ መስቀል፣ ጥንታዊ ሥዕል ያለው ቤተሰብ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የግል ንብረት መሆኑ ፈቃዱን አያስቀርም። «የአያቴ ነው» ማለት ቦሌ ላይ አያሳልፍም። ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩት። አዲስ የተሠራ መስቀል ወይም ሥዕል ከሆነ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ የብራናው ዳዊት እዚሁ ከዘመድ ጋር ቢቀር እመርጣለሁ።

ከቀረጥ ነጻ ማለት ከወጪ ነጻ ማለት አይደለም። በአየር የሚላክ ካርጎ የሚመዘነው በኪሎ ብቻ አይደለም፤ በሚይዘው ቦታም ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ6,000 ታካፍላላችሁ። መሶብ እንውሰድ፤ 60 በ60፣ ቁመቱ 70። 252,000 ለ6,000 ሲካፈል 42 ይሆናል። በሚዛን አምስት ኪሎ የማይሞላው መሶብ የሚከፈልበት እንደ 42 ኪሎ ነው። ከወደዳችሁት ውስጡን ልብስ ሙሉበት፤ የምትከፍሉት ለአየሩ ጭምር ነውና።

በመርከብ ከሆነ መንገዱ ያው ጅቡቲ ነው። 20 ጫማ ኮንቴነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ስለማይሞላው ከሌሎች ጋር ይጋራል፤ መጋራት ደግሞ መጠበቅን ያመጣል። ከእ.ኤ.አ. 2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው ሲሄዱ ቆይተዋል፤ ይህም ቀኑን አራዝሟል። ወደ አሜሪካ በመርከብ የሚሄድ ዕቃ መርከቡ ላይ ከመጫኑ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት አይኤስኤፍ የሚባል፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ላኪውና ስለ ተቀባዩ የሚገልጽ መረጃ ለአሜሪካ ጉምሩክ መግባት አለበት፤ ካልገባ ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሚያስተላልፍላችሁን ድርጅት «አይኤስኤፉን ማን ነው የሚሞላው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዓይኑን ካፈጠጠባችሁ ሌላ ፈልጉ። የእንጨት ሳጥን ካሠራችሁ በሙቀት የታከመና አይኤስፒኤም 15 የሚባለው የእንጨት ማሸጊያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክት የታተመበት ይሁን፤ ተራ ጣውላ ከተባይ ሥጋት የተነሳ እንዲመለስ ይደረጋል። የጅማ በርጩማና ሙቀጫም ልጣጭና አፈር እንዳይኖርባቸው አጽዱ። ጉምሩክ ኮንቴነሩን ልፈትሽ ካለ ደግሞ የፍተሻውንና የማራገፊያውን ወጪ የሚከፍለው ባለዕቃው ነው። ወደቡ ላይ ሲቆይ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ቀረጡ ዜሮ ሆኖ ሂሳቡ የዕቃውን ዋጋ ሲበልጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለብዙዎቻችሁ ኮንቴነሩን አልመክርም። ሶፋና ቁም ሣጥን እዚህ ሽጡ። ትኬታችሁ በሚፈቅደው ሻንጣ እዚያ በገንዘብ የማይገኘውን ያዙ፤ የፎቶ አልበሙን፣ የሐበሻ ቀሚሱንና ጋቢውን፣ ሲኒውን፣ መጻሕፍቱን፣ የልጆቹን የክትባትና የትምህርት ቤት ማስረጃ። ማስረጃው ግን በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣ ይጠፋል።

ከመቀመጫው የተነሣው ወንድማችን «ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽኔን ይዤ ልሂድ?» ብሎ ጠይቋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ለሚሰደድ ሰው የሞያ መሣሪያ ራሱን የቻለ ነጻ መብት አለው፤ የሞያ መጻሕፍትም ጭምር። እዚህ የራስህ ሆኖ የሠራህበት ከሆነ ይበቃል፣ የአንድ ዓመቱ ገደብ ለቤት ዕቃ የተጻፈ ነው። ለፋብሪካ የሚውል፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ግን መሆን የለበትም። እዚያ ቤትህ ውስጥ ሱሪ የምታሳጥርበት ከሆነ አስገባው። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ተከታታይ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ አስፍረው፤ እዚህ ሱቅህ ውስጥ ስትሠራበትም አንድ ፎቶ ተነሣ። ሞተር ያለው ከሆነ ያ የቮልት ጉዳይ ይመጣል። በእግር የሚረገጥ ከሆነ ግን ብረቱን እግር እዚሁ ተወው፣ ከላይ ያለውን ራሱን ብቻ ፈትተህ በልብስ ጠቅልለህ ያዝ፤ እግሩን እዚያ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ፈልገህ ታገኛለህ።